ገንዘብ ሳታወጡ ኮምፒውተራችሁን ከባዮስ ማፍጠን፦ ከራም እስከ ፋን

ባለፈው ክረምት የግራፊክስ ሥራ የምትሠራ ጎረቤቴ አዲስ ያስገጠመችውን ዴስክቶፕ ይዛ መጣች። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600ጂ ነው፤ ራሙ ደግሞ ሁለት ባለ 8 ጊጋ፣ ካርቶኑ ላይ 3200 የሚል ቁጥር የተጻፈበት። «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ብር አውጥቼ ከድሮው ላፕቶፔ ምንም አልተሻለኝም» አለችኝ። ታስክ ማናጀርን ከፍተን «ፐርፎርማንስ»፣ ከዚያ «ሜሞሪ» ውስጥ ስንገባ የራሙ ፍጥነት 2133 ይላል። የጎን ክዳኑን ፈታን። ሁለቱ ራሞች ጎን ለጎን፣ ተጣብቀው ተሰክተዋል። ችግሩ እነዚህ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ያስተካከልነው አቦሉ ሳይቀዳ ነው፤ የወጣ ገንዘብም የለም።

ያ ማስተካከያ ምን እንዳመጣ በቁጥር ላሳያችሁ። መስመር የምለው ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር መረጃ የሚለዋወጥበትን መንገድ ነው። በ2133 በአንድ መስመር ብቻ የሚሠራ ራም በሰከንድ ወደ 17 ጊጋባይት ያመላልሳል። ያው ራም በ3200 በሁለት መስመር ሲሠራ 51 ጊጋባይት ይደርሳል፤ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። በተለይ የዚያ ፕሮሰሰር ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ የሚኖረው ከራሙ በሚበደረው ነው። ስለዚህ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ባዮስ ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ማብሪያውን ስትጫኑ ከዊንዶውስ ቀድሞ ይነሣና ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ዲስኩን ቀስቅሶ ያስረክባል። የዛሬዎቹ ማሽኖች የሚጠቀሙት ዩኢኤፍአይ የተባለውን ነው፤ አፋችን ላይ የቀረው ግን ባዮስ የሚለው ስም ስለሆነ እኔም እሱኑ እጽፋለሁ። ፋብሪካው ማሽኑን ሲልክ ማንኛውም ራም፣ ማንኛውም ዲስክ ቢሰካበት እንዲነሣ አድርጎ፣ በጥንቃቄ በኩል አዘንብሎ ነው የሚያስተካክለው። እኛ የምንሠራው ያንን ጥንቃቄ ለገዛነው ዕቃ ልክ ማድረግ ነው። የሌለ አቅም ከባዮስ አይወጣም፤ የከፈላችሁበትና ተኝቶ የቀረው ግን ይወጣል።

ከመንካታችሁ በፊት

1. የባዮሱን ገጾች በሙሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ አንድም ገጽ አይቅር። ነገር ሲበላሽ የሚያወጣችሁ ይህ ፎቶ ነው።

2. ሥራችሁን፣ ፎቷችሁን፣ ሰነዳችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ።

3. ዊንዶውሱ ላይ ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፈው ቢትሎከር ወይም «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» በርቶ እንደሆነ እዩ። በርቶ ከሆነ ባዮስ ከመንካታችሁ በፊት ለጊዜው አቁሙት፤ 48 አሃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥርም ወረቀት ላይ ጻፉ። ብዙ ጊዜ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ይህን የዘለለ ሰው የደኅንነት ቅንብሮችን ሲነካ ወይም ባዮሱን ሲያድስ ሰማያዊ ገጽ ላይ ቁጥሩን ይጠየቃል። ቁጥሩ ከሌለ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ እንደተቆለፈ ይቀራል።

4. አሁን ያለበትን ፍጥነት ለኩ። እኔ የምወደው መንገድ የራሳችሁን ሥራ መጠቀም ነው፦ አንድ ቪዲዮ ምረጡ፣ ኤክስፖርት አድርጉት፣ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። ከዚያ ጋር ኤችደብሊውኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ ሙቀት መዝግቡ።

ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ አስነሡ፣ ለኩ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሂዱ። አምስት ነገር ባንዴ ቀይሮ ማሽኑ እምቢ ያለው ሰው የትኛው እንዳበላሸው ለማወቅ ግማሽ ቀን ያጠፋል።

ወደ ባዮስ መግቢያው

ማሽኑን አጥፍታችሁ ስታበሩ፣ ምልክቱ ብቅ ከማለቱ በፊት ጀምራችሁ ቁልፉን ደጋግማችሁ ተጫኑ። ዴል እና ኤሰር ላይ ኤፍ 2 ነው፤ ኤችፒ ላይ ኤፍ 10፤ ሌኖቮ ቲንክፓድ እና ቲንክሴንተር ላይ ኤፍ 1፤ በአሱስ፣ በጊጋባይት ወይም በኤምኤስአይ ቦርድ የተገጠሙ ዴስክቶፖች ላይ ዲሊት። አንዳንድ ላፕቶፕ ኤፍኤን አብሮ ካልተያዘ አይሰማም። ቁልፉ አልያዝ ካላችሁ ዊንዶውስ ውስጥ ሆናችሁ ሺፍትን እንደያዛችሁ «ሪስታርት» በሉ፤ ከዚያ «ትረብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ዩኢኤፍአይ ፈርምዌር ሴቲንግስ»። መጀመሪያ የሚመጣው ቀለል ያለው ገጽ ከሆነ አሱስ እና ኤምኤስአይ ላይ ኤፍ 7 ዝርዝሩን ይከፍትላችኋል።

ያገለገለ የቢሮ ማሽን ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ ባዮሱ ውስጥ ግቡና እዩ። ከውጭ ድርጅቶች የወጡ ላፕቶፖች አንዳንዴ የድርጅቱን የይለፍ ቃል ይዘው ይመጣሉ፤ ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ባትሪ በማውጣት አይጠፋም። የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁ ሻጩ እዚያው ይክፈተው፤ ካልቻለ ሌላ ማሽን ጠይቁ።

ራም፦ ትልቁ ሥራ እዚህ ነው

ጊዜ ያለው አንድ ነገር ብቻ እንዲያስተካክል ቢጠይቀኝ ይህን ክፍል ነው የምሰጠው።

መጀመሪያ አሰካኩን። ማሽኑን አጥፉ፣ ገመዱን ከዲቫይደሩ ንቀሉ፣ ማብሪያውን አሥር ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጡ። የኬዙን ባዶ ብረት ንኩ፤ በእጃችሁ ላይ ያለው ቻርጅ በራሙ ፋንታ በብረቱ ይውጣ። አራት የራም ቦታ ያለው ቦርድ ከሆነ ከፕሮሰሰሩ በኩል ጀምራችሁ ቁጠሩ፤ ሁለት ራም የሚገባው ሁለተኛው እና አራተኛው ላይ ነው። አንደኛውና ሁለተኛው ላይ ጎን ለጎን ከሰካችኋቸው፣ እንደ ጎረቤቴ፣ ሁለቱም አንድ መስመር ይጋራሉ፤ ሌላው መስመር ባዶውን ይቀመጣል። የራሙን ጭረት ከቦታው ጉጥ ጋር አስተያዩና በሁለቱም ጫፍ በአውራ ጣታችሁ እኩል ተጫኑ፤ ጠቅ ብሎ መያዣው ራሱ እስኪዘጋ ድረስ። ጀማሪ ሰው እዚህ ጋ ይፈራና በግማሽ ይተወዋል፤ ከዚያ ስክሪኑ ጨለማ ሲሆን ራሙ ተቃጠለ ይላል።

ቀጥሎ ፍጥነቱ። ራም ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር ብዙ ጊዜ በራሱ አይመጣም። ኢንቴል በ2007 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ኤክስኤምፒ የሚባል ነገር አለ፤ የራሙ አምራች የሞከረውን ፍጥነት እና ቮልቴጅ ራሙ ላይ ባለች ቺፕ ጽፎ ያስቀምጣል፤ እናንተ «ፕሮፋይል 1» ስትሉ ባዮሱ ያንን ያነባል። አሱስ ኤኤምዲ ቦርዶቹ ላይ ዲኦሲፒ፣ ኤምኤስአይ ኤ-ኤክስኤምፒ ይሉታል። በ2022 ከራይዘን 7000 ጋር የመጣው የኤኤምዲው ኤክስፖ ደግሞ ለዲዲአር 5 ነው፤ ዲዲአር የራም ዓይነት ስም ነው፣ ቁጥሩም ትውልዱ። ስሙ የትኛውም ይሁን፣ አብሩትና ኤፍ 10 ብላችሁ ሴቭ አድርጉ። ዲዲአር 4 ላይ ቮልቴጁ ብዙ ጊዜ ከ1.2 ወደ 1.35 ከፍ ይላል፤ አምራቹ ራሱ የጻፈው ስለሆነ አያስደንግጣችሁ።

ማሽኑ ሲነሣ ስክሪኑ ጨልሞ ሊቆይ፣ ራሱ አንድ ሁለቴ ጠፍቶ ሊበራ ይችላል። ባዮሱ ራሙን እየተለማመደው ነው። ዲዲአር 5 ላይ ይህ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላልና መሰኪያውን አትንቀሉ፤ ታገሡት።

ከተነሣ በኋላ ታስክ ማናጀር 3200 ካለ አበቃ። ሲፒዩ-ዚ በሚባለው ፕሮግራም ካያችሁ ግን 1600 ይላችኋል፤ ይህም ትክክል ነው። ዲዲአር በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ስለሚልክ የካርቶኑ ቁጥር የዚያ እጥፍ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ሻጭ ጋር ሄደው የተጣሉ ሰዎች አውቃለሁ።

አሁን ፈተናው። ሜምቴስት 86ን ፍላሽ ላይ ጫኑ፣ ከፍላሹ አስነሡና አራቱንም ዙር ይጨርስ፤ ማታ ለቃችሁ ብትተኙ ይሻላል። አንድ ስሕተት እንኳ ካሳየ አትቀበሉት። ራም ላይ ያለ ትንሽ ስሕተት ዛሬ ማሽኑን ባይጥል እንኳ ነገ ፋይላችሁን እያበላሸ ይቀመጣል። ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ፣ ለምሳሌ ከ3200 ወደ 3000፣ ከዚያ እንደገና ፈትኑ።

ይህ ሁሉ የማይሠራባቸው ማሽኖች አሉ፤ አገራችን ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ እነሱ ናቸው። ያገለገሉ የዴል፣ የኤችፒ፣ የሌኖቮ የቢሮ ዴስክቶፖች ላይ ኤክስኤምፒ የሚባለውን ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ አታገኙትም። በኢንቴል በኩልም ከ2021ዱ የ500 ተከታታይ በፊት የነበሩት፣ ስማቸው በኤች ወይም በቢ የሚጀምር ቦርዶች ራሙን ፕሮሰሰሩ ከተፈቀደለት በላይ አያስኬዱም፤ ኮር አይ 3 8100 በ2400 ይቆማል፣ ኮር አይ 5 8400 በ2666። ስለዚህ ለእነዚህ ባለ 3200 ራም በውድ አትግዙ። አንድ ባለ 8 ጊጋ ብቻ የተሰካበት ከሆነ ሁለተኛ ባለ 8 ጨምሩበት፤ ሁለቱ መስመር መከፈቱ ከማንኛውም የባዮስ ቅንብር የበለጠ ይጠቅመዋል። ፍጥነታቸው ከተለያየ ሁለቱም በዘገምተኛው ልክ ይሄዳሉ።

ግራፊክስ ካርድ ለሌላችሁ አንድ ልጨምር። ባዮሱ ውስጥ «ዩኤምኤ ፍሬም በፈር ሳይዝ» የሚል ካለ ለግራፊክሱ የሚቆረሰው ራም እሱ ነው። 16 ጊጋ ያለው ሰው 2 ጊጋ ቢሰጠው ይጠቀማል። 8 ጊጋ ብቻ ያላችሁ ግን አትንኩት፤ ከዊንዶውሱ ጉሮሮ ነው የምትወስዱት።

ዲስክ

አሮጌ ማሽን ላይ ኤስኤስዲ አስገብታችሁ ፍጥነቱ የጠበቃችሁትን ያህል ካልሆነ፣ የሳታ ሁነታው (ቦርዱ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ) «አይዲኢ» በሚባለው አሮጌው ላይ ቀርቶ እንደሆነ እዩ፤ መሆን ያለበት «ኤኤችሲአይ» ነው። ነገር ግን ዝም ብላችሁ ከቀየራችሁት ዊንዶውሱ ሰማያዊ ስክሪን ሰጥቶ አይነሣም። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ መንገዱ እንዲህ ነው፦

1. ዊንዶውስ ውስጥ ኤምኤስኮንፊግ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ፤ «ቡት» በሚለው ገጽ «ሴፍ ቡት» ላይ ምልክት አድርጉ።
2. ሪስታርት አድርጉና ዊንዶውስ ሳይነሣ በቀጥታ ባዮስ ውስጥ ግቡ። የሳታ ሁነታውን ቀይሩ፣ ሴቭ አድርጉ።
3. ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ይነሣና አዲሱን ድራይቨር ራሱ ይይዛል።
4. ኤምኤስኮንፊግ ውስጥ ተመልሳችሁ ምልክቱን አንሡ፣ ሪስታርት።

ከ«ሬይድ» ወይም ከኢንቴል «አርኤስቲ» ወደ ኤኤችሲአይ የምትቀይሩም በዚሁ መንገድ ነው፤ ለፍጥነት ብላችሁ ከሆነ ግን ትርፉ ትንሽ ነው፣ ባትደክሙ ይሻላል። አዳዲስ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ዊንዶውስ ልትጭኑ ስትሉ «ዲስክ የለም» ካላችሁ ደግሞ «ቪኤምዲ» የሚለውን አጥፉት፤ ዲስኩ ይታያል።

ግራፊክስ ካርድ ላላቸው

«ሪሳይዘብል ባር» የሚባለው ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በ256 ሜጋባይት ጠባብ መስኮት ከማየት ይልቅ በሙሉ እንዲያየው ያደርጋል። የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 30 እና ከዚያ በኋላ ያሉ፣ የኤኤምዲ አርኤክስ 6000 እና ከዚያ በኋላ ያሉ ካርዶች ይቀበሉታል። የኢንቴል አርክ ካርዶች ግን ያለሱ በጣም ይዳከማሉ፤ አርክ የገዛ ሰው ይህን ሳያበራ ስለ ካርዱ ፍርድ ባይሰጥ ጥሩ ነው።

ለማብራት «ሲኤስኤም» (በድሮው ባዮስ መንገድ የሚያስነሣው ቅንብር) መጥፋት፣ «አበቭ 4ጂ ዲኮዲንግ» መብራት፣ ከዚያ ራሱ ሪሳይዘብል ባር መብራት አለበት። ሲኤስኤምን ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ዊንዶውስ ያለበት ዲስክ አከፋፈሉ በአዲሱ መንገድ፣ «ጂፒቲ»፣ መሆኑን «ዲስክ ማኔጅመንት» ውስጥ አረጋግጡ። በድሮው፣ «ኤምቢአር»፣ ከሆነ ሲኤስኤም ሲጠፋ ማሽኑ አይነሣም። ትርፉ ከጨዋታ ጨዋታ ይለያያል፤ አንዳንዱ ላይ ምንም ላታዩ ትችላላችሁ።

ፕሮሰሰር እና ሙቀት

«ተርቦ ቡስት» ወይም «ኮር ፐርፎርማንስ ቡስት» መብራቱን፣ ኢንቴል ላይ «ሃይፐር-ትሬዲንግ»፣ ኤኤምዲ ላይ «ኤስኤምቲ» መብራቱን ተመልከቱ። ማሽኑን ዝም ለማሰኘት ብሎ ያጠፋቸው ሰው ይኖራል። «ስፒድስቴፕ» እና «ሲ-ስቴትስ» የሚባሉት ደግሞ እንደበሩ ይቆዩ፤ ብታጠፏቸው ማሽኑ ሥራ ፈቶ እያለም ይሞቃል፣ የምታገኙት ፍጥነት ግን ይህ ነው የሚባል አይደለም። አንድሮይድ ኢሚውሌተር ወይም ቨርቹዋል ማሽን የምትጠቀሙ ከሆነ ኢንቴል ላይ «ቪቲ-ኤክስ»፣ ኤኤምዲ ላይ «ኤስቪኤም» አብሩ፤ ያለዚያ እየተንፏቀቀ ነው የሚሠራው።

ፋኑን በተመለከተ፣ ባለ አራት ሽቦ ከሆነ «ፒደብሊውኤም»፣ ባለ ሦስት ከሆነ «ዲሲ» መሆን አለበት። ተሳስቶ ከተቀመጠ ባለ ሦስቱ ቀኑን ሙሉ በሙሉ ኃይሉ ይጮኻል። እኔ ብዙ ጊዜ የማስቀምጠው በ40 ዲግሪ 30 በመቶ፣ በ60 ዲግሪ 50፣ በ75 ዲግሪ 80፣ በ85 ዲግሪ 100 ነው። ይህን አድርጋችሁ ሙቀቱ አሁንም 95 ከደረሰ ነገሩ ከባዮስ ወጥቷል፤ ሂትሲንኩ (ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት አውጪ ብረት) ውስጥ የታጨቀውን አቧራ አጽዱ፣ በሁለቱ መካከል የሚቀባውን የደረቀ ፔስት ቀይሩ።

ላፕቶፕ ይዞ «በድንገት ዘገመ» ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የማየው ቻርጀሩን ነው። አንዳንድ ላፕቶፖች ቻርጀሩን በመሰኪያው መሐል ባለች ቀጭን መርፌ ይለዩታል። መርፌዋ ከታጠፈች ወይም ቻርጀሩ ተመሳሳይ ተብሎ የተሸጠ ሌላ ከሆነ ባዮሱ «አንኖውን» ብሎ ይመዘግበውና ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ ያዘገየዋል፤ ባትሪውንም አይሞላም። ባዮሱ ውስጥ የባትሪ ወይም የአዳፕተር መረጃ ያለበትን ገጽ ክፈቱና የዋቱን ቁጥር አንብቡ። 65 ወይም 90 መሆን ሲገባው «አንኖውን» ካለ መድኃኒቱ ትክክለኛ ቻርጀር ነው።

ፕሮሰሰሩን ከተፈቀደለት በላይ ስለማስሮጥ ሁሉም ይጠይቀኛል። ኢንቴል ላይ ይህ የሚሆነው ስማቸው ኬ ለሚይዝ ፕሮሰሰሮችና ለዜድ ቦርዶች ነው። ትርፉ ትንሽ፣ ሙቀቱ ብዙ ስለሆነ አልመክረውም። ቮልቴጅ በእጅ መጨመር ደግሞ ፕሮሰሰርን ቀስ ብሎ የሚገድል ነገር ነው።

ባዮሱን ማደስ፦ መቼና እንዴት

ማሽናችሁ ደህና ከሆነ ለማደስ ብቻ አታድሱ። ምክንያት ሲኖር ግን አትዘግዩ። በ2024 የኢንቴል 13ኛ እና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ራሳቸውን ይጎዱ እንደነበር ኢንቴል አሳውቆ መፍትሔውን በባዮስ ዕድሳት አወጣ፤ በዚያው ዓመት መስከረም አካባቢ የወጣው ማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ ፕሮግራም) 0ኤክስ12ቢ ይባላል። ኮር አይ 7 13700ኬ ወይም አይ 9 14900ኬ ዓይነት ያላችሁ ሰዎች ይህን ካላደረጋችሁ ዛሬውኑ አድርጉት። የተጎዳውን አይመልስም፤ ያልተጎዳውን ያድናል።

የዕድሳቱ ትልቁ ጠላት የመብራት መጥፋት ነው። ቺፑ እየተጻፈ ሳለ ኃይል ከተቋረጠ ቦርዱ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ አታድሱ፤ ዩፒኤሱም ባትሪው የሚሠራ መሆኑን አስቀድማችሁ ገመዱን ነቅላችሁ ፈትኑ። የሠፈራችሁ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ታውቁታላችሁና ከዚያ ራቁ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ፣ ቻርጀሩም ይሰካ።

1. ትክክለኛውን የቦርድ ስም ቦርዱ ላይ አንብቡ። «ሬቭ» ብሎ ቁጥር ከጻፈ እሱም መመሳሰል አለበት።
2. ፋይሉን ከአምራቹ ገጽ ብቻ አውርዱ፣ በ«ፋት 32» ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ።
3. ቢትሎከርን አቁሙ፣ ባዮስ ውስጥ ግቡ፣ የማደሻውን ክፍል ክፈቱ፣ ፋይሉን ምረጡ።
4. እስኪጨርስ እጃችሁን ሰብስቡ። ራሱ ጠፍቶ ይነሣል።
5. ብዙ ጊዜ ቅንብሩ ሁሉ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፤ ኤክስኤምፒውም ይጠፋል። ፎቶውን አውጡና እንደገና አስተካክሉ።

ማሽኑ አልነሣ ሲል

አትደንግጡ፤ ራም ላይ የተሳሳተ ቅንብር ካደረጋችሁ ብዙ ቦርዶች ጥቂት ሞክረው ራሳቸው ወደ ቀድሞው ይመለሳሉ። ካልተመለሰ ገመዱን ንቀሉ፣ ቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታህለውን ሲአር 2032 ባትሪ አውጡ፣ ማብሪያውን ሠላሳ ሰከንድ ያህል ያዙ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና መልሱ። ወይም «ክሊር ሲሞስ» የተጻፈባቸውን ሁለት እሾኮች በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ አገናኙ፤ ይህንንም ገመዱ ተነቅሎ ነው።

ሰዓቱ በየጊዜው ወደ ኋላ የሚመለስ፣ ያስተካከላችሁት ሁሉ በየመብራቱ መጥፋት የሚጠፋ ከሆነ ያቺ ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃለች። በአዲስ ቀይሯት። ከዚያ ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ባዮስ ውስጥ ግቡና ቀኑን፣ ሰዓቱን እና የሳታ ሁነታውን ከፎቶው ጋር አስተያዩ፤ ሁነታው ከቀድሞው ተለይቶ ከተነሣ ያው ሰማያዊ ስክሪን ነው የሚጠብቃችሁ።